እንኳን አልተኮሰ

«እንኳን አልተኮሰ» አለች ሳምሪ በስልክ።

ማዕዶት መታጠቢያ ቤት ነበረች። ጀሶ የታሰረ ግራ እጇን በፌስታል ጠቅልላ፣ ከውሃው አርቃ፣ በቀኟ ብቻ ፊቷን ትታጠባለች። የባሏ እህት ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል፤ ግን በእነዚህ የካልቨር ሲቲ አፓርታማዎች ግድግዳ የሚባለው ነገር ለስም ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» ያሰኛል። «እጇማ ይድናል፣ አጥንት ነው። ሽጉጡ እንቢ ማለቱ ግን የእግዜር ሥራ ነው። ብትገድለውስ ኖሮ? በሰው አገር፣ ልጅ ይዛ፣ ነፍስ አጥፍታ... ኖ፣ ኖ፣ እንኳን አልተኮሰ። ሱቁንም ሊለቁት ነው። ወንድሜ እንዳሻው እንዲረከበው የአጎታችንን ልጅ አነጋግሮታል። እሷ ገና አልሰማችም፤ ዛሬ ለምስጋናው ጋሼ ሀይለገብርኤል ሲመጡ እሳቸው ይነግሯታል። እሳቸውን እምቢ አትልም።» ማዕዶት ቧንቧውን ዘግታ በመስታወቱ ራሷን አየች። አገጯ ላይ የነበረው ሰማያዊ ምልክት ወደ ቢጫ መዞር ጀምሯል።

ከማክሰኞ ወዲህ «እንኳን አልተኮሰ» ያላላት የለም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብለዋታል። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ድስት ሙሉ ወጥ ይዘው የመጡት ብለዋታል። ዋሽንግተን ያለችው አክስቷ እያለቀሰች ብላታለች። ሁሉም የሚሉት በደግነት ነው፤ ደግነት መሆኑ ነው መልስ ያሳጣት። አንድም ሰው ግን ሽጉጡ ለምን እንዳልተኮሰ አልጠየቀም። ለእነሱ ነገሩ ያለቀለት ነው፤ መልአክ እጁን ጣልቃ አስገብቷል፣ ሻማ ይበራል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ በቃ። እሷ ግን አራት ሌሊት ሙሉ ጣሪያውን እያየች ያሳለፈችው በቃታው ሐሳብ ነው። ጣቷ ሥር የተሰማት ነገር አልወጣላትም።

ፌርፋክስ ያለው ሱቋ ጠባብ ነው። ከፊት የሐበሻ ቀሚስ ተሰቅሏል፤ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ የመስታወት ሳጥን አለ፣ ውስጡ መስቀልና ሐብል፣ ጥቂት የጆሮ ወርቅ። መስኮቱ ሥር እትዬ ቦሰና ተቀምጠው ቀሚስ ያሳጥራሉ፣ ጥበብ ይጠግናሉ። ሰባ ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ የሚመጡት ብቻቸውን ዌስት አዳምስ ቤታቸው መዋል ስለሚያስጠላቸው ነው። የወርቅ ዋጋ ሰማይ ከነካ ወዲህ የመስታወት ሳጥኑን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ ማንጠልጠል ጀምረው ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ባለበት አንድ ወጣት መዶሻ ይዞ ገባ። ፀጉሩን በዚያው ቀን የተስተካከለ ይመስላል። መስታወቱን ቢመታው ተሰነጠቀ እንጂ አልፈረሰም። ዞር ሲል ክሩን አየና ይዞ ጎተተ። ክሩ እትዬ ቦሰና ራሳቸው የገመዱት ነበርና አልበጠስ አለ። የሴትዮዋ ፊት ሲጠቁር፣ እግራቸው ወንበሩን ሲራገጥ ማዕዶት ባንኮኒው ሥር ያለውን የብረት ሳጥን ከፍታ ሽጉጡን አወጣች። ልቀቃቸው አለች። አልለቀቀም። ሽጉጡ ጀርባ ላይ ጥይት መግባቱን የምታሳይ ትንሽ ቀይ ምልክት አለች፤ ብቅ ብላ ቆማለች፤ ማዕዶት በዓይኗ አየቻት። ጎኑ ላይ አነጣጥራ ቃታውን ሳበች። ቃታው እንደ ተነቃነቀ ጥርስ ሄዶ ተመለሰ። ደግማ ሳበች፤ ምንም። ልጁ ፊቷን አየ፣ ሽጉጡን አየ፣ ገባው። ከዚያ አሮጊቷን ለቆ በመዶሻው መጣባት። የክንዷን ድምፅ ከሕመሙ በፊት ሰማችው። ሽጉጡ ወድቆ ጥይት የሚሞላበት ካዝናው ተንሸራቶ ወጣ። እትዬ ቦሰና በተረፈቻቸው ትንፋሽ ሲጮሁ ከጎን ያሉት ፀጉር ቆራጮች ደረሱ፤ ልጁም በመጣበት በር ሮጦ ጠፋ። በኋላ የደረሰው ፖሊስ ሽጉጡንና ካዝናውን ለየብቻ አንስቶ፣ ጥይቱን አውጥቶ፣ «ዕድለኛ ነሽ» ብሎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰላት።

ፊቷን አድርቃ ወጣች። ባሏ እንዳሻው ልጃቸውን ዮአብን ኳስ ሜዳ ሊያደርስ ሄዷል። የአልጋው ራስጌ ካለው ቁም ሳጥን ከሱቁ የመጣውን የብረት ሳጥን አውርዳ፣ በትልቁ ቦርሳዋ ከትታ፣ ቁልፏን ያዘች። ሳምሪ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ እንደያዘች ከኩሽና ብቅ አለች።

«የት ነው? በዚህ እጅሽ ድራይቭ ልታደርጊ ነው እንዴ?»

«ቀኝ እጄ ደህና ነው» አለች ማዕዶት።

የጦር መሣሪያ መደብሩ ከፍሪዌዩ ማዶ፣ በጎማ ጠጋኝና በልብስ ማጠቢያ መሃል ነው። ቅዳሜ በመሆኑ ሰልፍ ነበር። ከፊቷ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ሕፃን በጋሪ ይዘው የሽጉጥ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ስድስት መቶ ሲባሉ እርስ በርስ ተያዩ። ግድግዳው ላይ ጠብመንጃዎቹ በሰንሰለት ተያይዘዋል። ጢሙ እስከ ደረቱ የሚደርሰው ሻጭ ባለፈው ዓመት ሽጉጡን የሸጠላቸው ራሱ ነበር። ያኔ እንዳሻው አብሯት መጥቷል። ከመጀመሪያው አልወደደውም ነበር፤ ሰውዬው የስቴቱ ሕግ አዲስ ሽጉጥ ላይ እንዲኖሩ ያዘዛቸውን ሁለት መከላከያዎች ሲያሳያቸው ግን ፊቱ ፈታ አለ። ጥይት ሲገባ ብቅ የምትል ቀይ ምልክት አለች፤ ካዝናው ሲወጣ ደግሞ ቃታው አይሠራም። «አየሽ፣ ሰዎቹ አስበውበታል» ብሏት ነበር ወደ ቤት ሲመለሱ።

ተራዋ ሲደርስ ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ አኖረች። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። ሰውዬው ጀሶዋን አንዴ አየና ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከሽጉጡ ላይ አላነሳም። ባዶውን ካዝና አስገባ፣ ወደ መሬት አነጣጥሮ ቃታውን ሳበ፤ ቀጭ አለ። ቀጥሎ ከመያዣው ጎን ያለችውን ካዝናውን የምትለቅ ቁልፍ በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋት። ካዝናው ትንሽ፣ የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ዝቅ አለ፤ ግን አልወደቀም፤ ከውጭ ላየው የገባ ነው የሚመስለው። ቃታውን ሳበ። ያው እንደ ተነቃነቀ ጥርስ ሄዶ ተመለሰ። 

«አልተበላሸም» አላት። «ሕጉ እንዳዘዘው ሆኖ ሠርቷል። ካዝናው እስከ መጨረሻው ካልገባ፣ ጥይት አፉ ላይ ቢኖርም አይተኩስም።»

«ቀዩ ግን ቆሞ ነበር።»

«ቀዩ የሚነግርሽ ጥይት መኖሩን ነው። መተኮስ አለመተኮሱን አይነግርሽም።» ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «ካዝናውን አውጥቶ ባዶ ነው ብሎ ለሚጫወት ሰው ነው የተሠራው። ያንን ሰው አድኗል፤ አልዋሽሽም። ግን ለአንቺ አይነቱ ሰው አልታሰበም። አብዛኞቹ ፖሊሶች የሚይዙት ሽጉጥ ይህ የለውም። ሕጉ እነሱን አያስገድድም። እኛ ግን አዲስ ሽጉጥ ስንሸጥ ከስቴቱ ዝርዝር ውጭ መውጣት አንችልም።»

«ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ በራሱ ሊላላ ይችላል?»

«ኪስ ውስጥ ቢሆን አዎ፣ ቁልፏ ትነካለች። ስፖንጅ ላይ ተኝቶ? አይመስለኝም። ማነው ሳጥኑን የሚከፍተው?»

ሳጥኑን ዘግታ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። የሳጥኑን ቁጥር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሷና እንዳሻው።

ስትመለስ ላሲየኔጋ መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። መሪውን በአንድ እጇ ይዛ፣ በቀይ መብራት ሥር፣ የሚገርም ነገር ተሰማት፤ ንዴት ብቻ ቢሆን ታውቀው ነበር። አራት ቀን ሙሉ ራሷን ስትጠረጥር ከርማለች። ምናልባት ፈርቼ ነው፣ ምናልባት በደንብ አልሳብኩትም፣ ምናልባት ከልቤ አልፈለግሁም እያለች። ሰዎቹ ሁሉ እጇን አምላክ እንደያዘላት ሲነግሯት እሷም ልታምን ጥቂት ነበር የቀራት። አሁን ግን አወቀች። ጣቷ አላመነታም። ፀጉሩን የተስተካከለውን ያንን ልጅ ልትገድለው ወስናለች፣ ስባለች፣ ደግማም ስባለች። ከዚያ ወዲህ ያለው የሌላ ሰው ሥራ ነው።

እንዳሻው በአፓርታማው ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ነበር፣ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውሃና ለስላሳ እያወረደ። ለእንግዳ የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ ሮጦ በሩን ከፈተላት።

«የት ሄደሽ ነው? ስልክሽን አታነሺም። ሳምሪ...»

«ካዝናውን አንተ ነህ ያላላኸው?»

የያዘውን ካርቶን አላስቀመጠም። ደረቱ ላይ አቅፎት ቆመ። ከላይ ሰው መኪና እያስነሳ ነበር፤ ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ድምፁ ካለፈም በኋላ ጠበቀ። ማዕዶት አሥራ ሁለት ዓመት አብራው ኖራለችና ዝም ማለቱን ታውቀዋለች፤ እንዳሻው ሳያጠፋ ሲወነጀል አፉ ይፈጥናል፤ ሲያጠፋ ነው ዝም የሚለው።

«ለዮአብ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከትምህርት ቤት እየመጣ እዚያ ሱቁ ይቀመጣል። ቪዲዮ ላይ አየሁት፤ ትንሽ ዝቅ ካደረጉት አይተኩስም። ቢያስፈልግሽ ገፋ ታደርጊዋለሽ ብዬ...»

«ሳትነግረኝ ገፋ አደርገዋለሁ?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። «እሺ፤ እውነቱን ልንገርሽ?» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «ሰው እንድትገድዪ አልፈለግሁም። በቃ። አጠገቤ የምትተኛው ሴት ሰው የገደለች እንድትሆን አልፈለግሁም። ቢዘርፉሽ ይዝረፉሽ ብዬ ነው። ዕቃ ነው፣ ኢንሹራንስ አለ። አሁንም አልጸጸትም ማዕዶት። ያ ልጅ ሞቶ ቢሆን ዛሬ ምን ላይ ነበርን?»

እውነቱን ስለነገራት ትንሽ አከበረችው፤ እሱም አልጠቀመውም። «ፎቅ ላይ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ እግዚአብሔርን ሊያመሰግኑ ነው» አለችው። «ያንተን ሥራ ለእሱ ሰጥተውታል። ራስህ ንገራቸው።»

«ዛሬ? ጋሼ ባሉበት?»

«ጋሼ ባሉበት። ሱቄን አሳልፈህ መስጠትህንም ጨምረህ።»

እንግዶቹ በዘጠኝ ሰዓት ሞልተው ነበር። ሶፋው ላይ ያልበቃው በምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች፣ እሱም ያልበቃው በዮአብ አልጋ ጠርዝ ተቀመጠ፤ ልጁን ጎረቤት ወስደውታል። ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መሃል ላይ ነው። እትዬ ቦሰና በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ በዚህ ሙቀት አንገታቸውን በሻሽ ጠምጥመዋል፣ ውሃ ሲውጡ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። ጋሼ ሀይለገብርኤል ቆመው ጸለዩ። ፒኮ መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሃያ ዓመት የሠሩ፣ የሰፈሩን ጋብቻና ፀብ ሁሉ የዳኙ ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማዕዶትን የዳሩትም እሳቸው ነበሩ። ከጸሎቱ በኋላ ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ» አሉ፣ «አንቺ የታደልሽ ነሽ። እጅሽ ወደ ደም ሲዘረጋ ፈጣሪ ብረቱን አሰረልሽ። ክንድ ይጠገናል፤ የፈሰሰ ደም ግን አይታፈስም። አሁን ደግሞ ከእንዳሻው ጋር እንደተነጋገርነው ያንን ሱቅ ለሚችለው ለቀሽ፣ ቤትሽ አርፈሽ...»

ማዕዶት እንዳሻውን አየችው። ከኩሽናው በር ተደግፎ የለስላሳ ጠርሙስ ይዞ ቆሟል። አየችው፣ ቆየች፣ ሁሉም ሰው እስኪያስተውል ቆየች። እንዳሻው ጠርሙሱን አዟዟረው። 

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ነገር ላስተካክል» አለች ተነስታ።  «እኔ ተኩሻለሁ። ሁለት ጊዜ። ያልተኮሰው ሽጉጡ ነው። እጄ ንጹሕ ነው ብላችሁ ልታመሰግኑልኝ ከሆነ የመጣችሁት፣ አይደለም፤ ልገድለው ስቤያለሁ። ሽጉጡ ያልተኮሰውም ካዝናው ላልቶ ስለነበር ነው። ካዝናው ከላላ እንዳይተኩስ ሕግ አዞ አሠርቶታል። ያላላው ደግሞ ባሌ ነው። ሳይነግረኝ።»

ሳምሪ የያዘችውን ትሪ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።  ከመንገድ የአይስክሬም መኪና ሙዚቃ ገባና ራቀ።

«እንዳሻው» አሉ እትዬ ቦሰና ከበሩ አጠገብ። ጉሮሯቸው ገና አልዳነም፤ ቃሉ እየተፋቀ ነው የሚወጣው። «እውነት ነው?»

«አዎ እትዬ። ለክፉ አስቤ አይደለም።»

«ለክፉማ አላሰብክም። ስለ ልጅህ አሰብክ፣ ስለ ሚስትህ ነፍስ አሰብክ።» አረፍ አሉ። «እኔ እዚያ ወንበር ላይ እንደምቀመጥ ታውቃለህ። እኔንስ አሰብከኝ?»

እንዳሻው አላሰባቸውም ነበር። ፊቱ ላይ ሁሉም አዩት፣ እሱም ያኔ ገና የገባው ይመስል ጠርሙሱን ይዞ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ጋሼ ሀይለገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቢሆንም ልጄ፣ ነፍስ ተርፏል። ያም ልጅ እናት አለችው።»

«አለችው ጋሼ። ሞቶ ቢሆን እሷን እያሰብኩ ነበር ዕድሜዬን የምኖረው። አውቀዋለሁ። ግን ሸክሙ የእኔ ነበር፤ ልሸከመው ወስኜ ነው የሳብኩት። እትዬ ቦሰና ትንፋሻቸው ቢቀር ኖሮስ፣ ማን ሊሸከምልኝ ነበር? ሕጉን ያወጡት አያውቁኝም፤ እሺ። ቤቴ ያለው ሰው ግን ያውቀኛል።» ቦርሳዋን አነሳች። «ሱቁን አልለቅም። ኪራዩ በስሜ ነው፣ ፈቃዱ በስሜ ነው። ዳቦውን ቁረሱ፣ አትጣሉት። እኔ ሥራ አለብኝ።»

«አሁን? በዚህ እጅ?» አለች ሳምሪ፣ ከጠዋቱ በተለየ ድምፅ።

ማዕዶት ደረጃውን ስትወርድ ከኋላዋ ዝግ ያለ የእግር ኮቴ ሰማች። እትዬ ቦሰና ናቸው፤ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው፣ ጫማቸውን በደንብ ሳያጠልቁ። «አትቁሚ፣ ቀጥዪ፤ እደርስብሻለሁ» አሏት። በማዕዶት መኪና ወደ ፌርፋክስ ሄዱ። ኦሎምፒክ መንገድ ላይ መብራት ሲይዛቸው እትዬ ቦሰና ሻሻቸውን ፈትተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉና ነፋሱን አንገታቸው ላይ ለቀቁት። ክሩ የሄደበት መስመር እንደ ሐብል ዙሪያውን ቀልቷል።

የሱቁን መዝጊያ ብረት በአንድ እጇ ማንሳት አልቻለችም፤ ከጎን ካሉት ፀጉር ቆራጮች አንዱ መጥቶ አነሳላትና ምንም ሳይጠይቅ ተመለሰ። ውስጡ ማክሰኞ እንደተተወ ነበር። የመስታወቱ ስንጥቅ ላይ የማሸጊያ ፕላስተር ለጠፈች። የተገለበጠውን ወንበር አቃናች። የብረቱን ሳጥን ባንኮኒው ላይ አድርጋ፣ በሩ ፊት ለፊት ሆና፣ አዲስ ቁጥር አስገባች፤ የሽጉጡን ካዝና አውጥታ፣ አስገብታ፣ በመዳፏ ግርጌ መታ አድርጋ አረጋገጠች፤ ቆልፋም ከሥር መለሰችው። ነገ ይዛው ትቀጥል ወይ መልሳ ትሽጠው ገና አልወሰነችም። ይህን ለመወሰን ጊዜ አላት፤ የምትወስነውም እሷ ናት። እትዬ ቦሰና መብራቱን አብርተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ማክሰኞ ያቋረጡትን ጥልፍ አነሱ።

ፀሐይ ወደ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ማዶ ስታዘነብል እንዳሻው መጣ። ነጩ ሸሚዝ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ከደጃፉ አላለፈም፤ አንድ ክንዱን የበሩ መቃን ላይ አስደግፎ ቆመ። እትዬ ቦሰናን ሰላም ሊል ፈለገ፤ እሳቸው ከጥልፉ ቀና አላሉም።

«እንግዶቹ ሄዱ» አለ።

«የሳጥኑን ቁጥር ለውጫለሁ» አለችው ማዕዶት። «አትጠይቀኝ። ዮአብ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እኅትህ ጋ ይዋል፤ እዚህ አይቀመጥም፤ እሱ ላይ ልክ ነበርክ። ሌላ የምታስበው ነገር ሲኖር ለእኔ ንገረኝ።»

እንዳሻው ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ሊናገር ሲል ከኋላው ሁለት ልጃገረዶች መጥተው መንገዱ ተዘግቶባቸው ቆሙ፤ አንደኛዋ ለሠርግ የሚሆን ቀሚስ ፎቶ በስልኳ ይዛለች። የመስታወቱን ስንጥቅ፣ ጀሶውን፣ በሩን የያዘውን ሰውዬ አዩ።

«ይቅርታ» አለች ባለ ስልኳ ለእንዳሻው፣ «ሱቁ ሊዘጋ ነው ሲሉ ሰምተን ነበር። ክፍት ነው?»

እንዳሻው ወደ ሚስቱ ዞሮ አያት። ከዚያ ክንዱን ከመቃኑ አነሳና ወደ ጎን ቆመላቸው።

«ክፍት ነው» አለች ማዕዶት፣ ሜትሩን በቀኝ እጇ እየፈታች። «ግቡ።»